በሥራ ቦታ መልእክት የሚጠፋው የት ነው?

በሥልጠና አዳራሾችና በማኅበራዊ ሚዲያ ደጋግሞ የሚነገር አንድ ቁጥር አለ። «ከሰው ጋር ስንነጋገር 93 በመቶው መልእክት የሚተላለፈው በሰውነት እንቅስቃሴና በድምፅ ቃና ነው፤ ቃላት 7 በመቶ ብቻ ናቸው» ይባላል። አሠልጣኙ ይህን ካለ በኋላ ስለ አቋቋም፣ ስለ ዓይን አተያይና ስለ እጅ አያያዝ ያስተምራል። ሠልጣኙም ማስታወሻው ላይ ያሰፍረዋል።

የቁጥሩ ምንጭ አልበርት መህራቢያን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 በታተሙ ሁለት ጥናቶች ላይ ተመሥርተው ያወጡት ቀመር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቶቹ ያዩት ጉዳይ በጣም ጠባብ ነበር። አንድ ነጠላ ቃል በተለያየ ቃና ሲነገር ወይም ከተለያየ የፊት ገጽታ ጋር ሲቀርብ፣ አድማጩ የተናጋሪውን መውደድና መጥላት በምን ይገምታል? የጥናቶቹ ጥያቄ ይህ ነው። ቃሉና ፊቱ ሲጋጩ ሰው ፊቱን ያምናል። መህራቢያን ራሳቸውም ቀመሩ ስለ ስሜት ከሚደረግ ንግግር ውጪ እንደማይሠራ ገልጸዋል። የበጀት ጉድለት፣ የማሽን ብልሽት ወይም የመድኃኒት መጠን በፊት ገጽታ አይነገርም።

ነገሩ የቁጥር ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንሳቱም ባላስፈለገ ነበር። ጉዳቱ ትኩረትን ወደ ተሳሳተ ቦታ መውሰዱ ነው። የሥራ ቦታ ተግባቦት፣ ማለትም አንድ ሐሳብ ከላኪው ወጥቶ በታሰበው ትርጉም ተቀባዩ ዘንድ መድረሱ፣ የተናጋሪው የግል ችሎታ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን ለሁለት ቀን ያሠለጥናል። ሠራተኛው ግን ተመልሶ የሚገባው እዚያው ስብሰባ፣ እዚያው አለቃ ፊት ነው። ከባድ አደጋዎችን የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ደግሞ ሌላ ሥዕል ነው። አደጋው ከመድረሱ በፊት ችግሩን የሚያውቅ ሰው በአብዛኛው ነበር። ወይ በግልጽ ለመናገር ፈርቷል፣ ወይ ተናግሮ መድረሱን ያጣራ የለም።

ለተናጋሪው ግልጽ፣ ለሰሚው ድፍን

ከቀላሉ እንቅፋት እንጀምር። ኤልዛቤት ኒውተን በ1990 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ዲግሪያቸው አንድ ሙከራ ሠርተው ነበር። ከተሳታፊዎቹ ገሚሶቹ ሁሉም የሚያውቃቸውን ዘፈኖች ጠረጴዛ በጣታቸው እየመቱ እንዲያሰሙ፣ ሌሎቹ ደግሞ ዘፈኑን እንዲለዩ ተጠየቁ። መቺዎቹ «ከሁለት አንዱን ይለዩታል» ብለው ገመቱ። 120 ዘፈን ተመታ። የታወቀው 3 ብቻ ነው። መቺው በሚመታበት ጊዜ ዜማው ሙሉ ሆኖ በጭንቅላቱ ውስጥ ይሰማዋል። አድማጩ የሚሰማው ኳኳታውን ነው።

ተመራማሪዎች ይህን «የዕውቀት እርግማን» ይሉታል። አንድን ነገር አንዴ ካወቅነው በኋላ፣ የማያውቀው ሰው እንዴት እንደሚሰማው መገመት ይከብደናል። የሒሳብ ክፍሉ የላከው ማስታወሻ ለሽያጭ ክፍሉ የማይገባው፣ የአይቲ ባለሙያው «ቀላል ነው» ብሎ ያስረዳው ነገር ግራ የሚያጋባው ለዚህ ነው። ባለሙያው ለማስቸገር ፈልጎ አይደለም። ለእሱ ዜማው እየተሰማው ነው።

በጽሑፍ ሲሆን ይብሳል። ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው በ2005 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በኢሜይል ቁም ነገርና ሽሙጥ እየጻፉ እንዲልኩ ተደርጓል። ላኪዎቹ ተቀባዩ ቃናውን 78 በመቶ ያህል ይለየዋል ብለው ጠብቀው ነበር። የተለየው 56 በመቶ ነው። ሳንቲም ወርውሮ መገመት 50 በመቶ እንደሚያስገኝ ስናስብ ልዩነቱ ጠባብ ነው። በቴሌግራም የመጣች «እሺ» የምትል አጭር መልስ ግማሹን ቀን ስታስጨንቅ የምትውለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለቱም ወገን አዋቂ ሆነው የማይግባቡበት ጊዜም አለ። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ወደ ማርስ የላከው «ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር» የተባለ መንኮራኩር ሴፕቴምበር 23 ቀን 1999 ጠፋ። ምርመራው ያገኘው ምክንያት የሚገርም ነበር። አንደኛው ቡድን የሞተሩን ግፊት ያሰላው በእንግሊዛውያን መለኪያ፣ በፓውንድ ነው። ሌላው ቡድን ቁጥሩን የተቀበለው በሜትሪክ መለኪያ፣ በኒውተን መስሎት ነው። ሁለቱም ሥራቸውን ያውቃሉ። ቁጥሩም ከአንዱ ወደ ሌላው ደርሷል። የመለኪያው ጉዳይ ግን ለሁለቱም ግልጽ ስለመሰለ የጠየቀ አልነበረም። ደግሞ ከአደጋው በፊት መንኮራኩሩ ከመስመሩ ፈቀቅ ማለቱን ያስተዋሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ስጋታቸው በወጉ ተመዝግቦ እስከ ውሳኔ ሰጪዎች አልዘለቀም። ይህ ደግሞ ወደ ዋናው ችግር ያደርሰናል።

«ዝም አይነቅዝም»

ተረቱ ለተናጋሪው አዋጭ ምክር ነው። ለድርጅቱ ግን አይደለም።

በ1978፣ ዲሴምበር 28 ምሽት፣ የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ 173 ወደ ፖርትላንድ ከተማ ሲቃረብ የማረፊያ እግሩ በትክክል መዘርጋቱ አጠራጠረ። ካፒቴኑ ችግሩን እያጣራና ተሳፋሪዎችን እያዘጋጀ ለአንድ ሰዓት ያህል በአየር ላይ ዞረ። ነዳጁ እያለቀ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ይህን ያውቅ ነበር፤ አንስቶታልም። ግን ያነሳው ለስለስ አድርጎ፣ እንደ ወሬ ጣል በማድረግ ነው። «አሁኑኑ ካላረፍን እንወድቃለን» ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ አልነበረም። ሞተሮቹ ጠፉ። ከ189 ሰዎች 10 ሞቱ። የምርመራው ሪፖርት ካፒቴኑ ነዳጁን ባለመከታተሉና የባልደረቦቹን ማሳሰቢያ ባለማጤኑ፣ ሁለቱ የበረራ አባላት ደግሞ ስጋታቸውን በሚገባ ባለማስረዳታቸው ወቅሷል።

ይህ ማለዘብ በየቢሮው አለ። የበታች ሠራተኛ አለቃውን «ተሳስተሃል» አይልም። «እንዲያው አንድ ጊዜ ብናየው ምን ይመስልዎታል?» ይላል። ጨዋነት ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ሰውን አቀራርቦ ያኖራል። ጊዜ ሲያጥርና ነገሩ ሲከብድ ግን አለቃው የሚሰማው ጨዋነቱን እንጂ ስጋቱን አይደለም። በጃንዋሪ 1990 ኒውዮርክ አጠገብ የወደቀው የአቪያንካ አየር መንገድ በረራ 52 አብራሪዎች ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ለበረራ ተቆጣጣሪዎች ተናግረዋል፤ «ቅድሚያ» እንዲሰጣቸውም ጠይቀዋል። «የአደጋ ጊዜ ላይ ነን» የሚለውን የሙያው ቃል ግን አልተጠቀሙም። ተቆጣጣሪዎቹን ከወረፋው ሊያስወጣቸው የሚችለው ያ ቃል ነበር። 73 ሰዎች ሞቱ።

ሰው የሚያውቀውን ለምን ይውጣል? ፍርሃት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሒሳቡን ስንመረምረው ግን ዝምታው ለግለሰቡ ምክንያታዊ ሆኖ እናገኘዋለን። ቢናገር የሚደርስበት ነገር ቅርብ ነው፤ አለቃው ይከፋል፣ በግምገማ ይነሳበታል፣ «አስቸጋሪ» ይባላል። ቢናገር የሚገኘው ጥቅም ሩቅ ነው፤ የሚደርሰውም ለሌሎች ነው። አደጋው ቢከሽፍ እንኳ «ምንም አልሆነም፣ ለምን አስጨነቀን?» ይባላል። ሮዘንና ቴሰር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970 እንዳሳዩት ሰው ራሱ ምንም ባላጠፋበት ጉዳይ እንኳ ክፉ ዜና ማድረስን ይሸሻል። ጥፋቱ የራሱ ሲሆን ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አይከብድም።

መሥሪያ ቤቱ ብዙ እርከን ካለው ደግሞ ማለዘቡ ይደራረባል። ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ምሽት ቻሌንጀር የተባለውን የናሳ መንኮራኩር ሮኬት ያመረተው ኩባንያ መሐንዲሶች፣ በማግስቱ ይጠበቅ በነበረው ብርድ የሮኬቱ መጋጠሚያ ጎማዎች እንደማይታመኑ በስልክ ስብሰባ አስረድተው መንኮራኩሩ እንዳይነሳ መከሩ። ከናሳ በኩል ተቃውሞ ሲበረታ የኩባንያው ኃላፊዎች ለብቻቸው ተነጋግረው የመሐንዲሶቹን ምክር ሻሩት። በማግስቱ መንኮራኩሩ በተነሳ በ73 ሰከንድ ተበተነ፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች አለቁ። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን በኋላ እንዳረጋገጠው የመጨረሻውን ፈቃድ የሰጡት የበላይ ኃላፊዎች መሐንዲሶቹ መቃወማቸውን አልሰሙም ነበር። እዚህ ላይ መሐንዲሶቹን «በደንብ አልተናገሩም» ማለት አይቻልም። ተናግረዋል። ንግግራቸው ደረጃ በደረጃ ሲወጣ መንገድ ላይ ቀረ።

ስህተት የበዛባቸው ጥሩ ቡድኖች

በ1990ዎቹ ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ ተመራማሪ በሆስፒታል ክፍሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ያጠኑ ነበር። ተባብረው የሚሠሩ ቡድኖች ትንሽ ስህተት እንደሚኖራቸው ጠብቀዋል። መረጃው ተቃራኒውን አሳየ። የተሻለ መሪና የተሻለ መቀራረብ ያላቸው ክፍሎች የበለጠ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል። ኋላ ላይ እንደተገለጠው እነዚህ ክፍሎች ስህተታቸውን አይደብቁም ነበር። በሌሎቹ ክፍሎች ስህተቱ ከሰው አፍ አልወጣም።

ከዚህ ተነስተው በ1999 ባሳተሙት ሥራ ዛሬ በየሥልጠናው የሚሰማውን «የሥነ ልቦና ደኅንነት» የሚለውን ሐሳብ በሰፊው አስተዋወቁ። ትርጉሙ አንድ የቡድን አባል ቢጠይቅ፣ ቢቃወም ወይም ስህተቱን ቢያምን እንደማይዋረድና እንደማይቀጣ ማመኑ ነው። ጉግል ከ2012 ጀምሮ ወደ 180 የሚጠጉ የራሱን ቡድኖች ሲያጠና፣ ጎበዞቹን ከሌሎቹ ከለዩት ነገሮች ቀዳሚ ሆኖ ያገኘው ይህንኑ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ዋና ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። «ሁሉም እንዳሻው ከተናገረ ማን ይወስናል? ስህተት ካልተቀጣ ሥራ ይላላል» የሚሉ ኃላፊዎች አሉ። የተሰጠ መመሪያ በሙሉ ለክርክር ከቀረበ ሥራ እንደማይሄድ እውነት ነው። ግን ሁለት ጉዳዮች ተደባልቀዋል። የመናገር መብትና የመወሰን ሥልጣን ለየብቻ ናቸው። ከበረራ 173 በኋላ የመጣው ለውጥ ይህን በደንብ ያሳያል። ናሳ በ1979 በጉዳዩ ላይ ዐውደ ጥናት አካሄደ። ዩናይትድ አየር መንገድ በ1981 የበረራ ቡድን አባላት እርስ በርስ እንዲደማመጡ የሚያሠለጥን ሰፊ ፕሮግራም ጀመረ። አንዳንድ አብራሪዎች «የጨዋነት ትምህርት ቤት» እያሉ ነቀፉት። ሥልጠናው ግን የካፒቴኑን ሥልጣን አልነካም። የመጨረሻው ውሳኔ ዛሬም የእሱ ነው። የተለወጠው ረዳቱ የታየውን ሳይናገር ዝም ማለቱ እንደ ጥፋት መቆጠሩ ነው። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። መናገር የድፍረት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሥራው አንድ ክፍል ሆነ።

ሌላው አለመግባባት «ደኅንነት»ን ከመለሳለስ ጋር ማምታታት ነው። ሁሉም የሚመሰጋገንበት፣ ማንም ማንንም የማይተችበት ቡድን የዚህ ሐሳብ ምሳሌ አይሆንም። እንዲያውም እዚያ ቡድን ውስጥ ክፉ ዜና የሚናገር ሰው ከሌላው ቦታ በባሰ ይገለላል።

መድረሱን ማረጋገጥ

ሰው ደፍሮ ተናገረ እንበል። አሁንም ሥራው አላለቀም።

ማርች 27 ቀን 1977 በተነሪፍ ደሴት በጉም በተሸፈነ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። በአቪዬሽን ታሪክ በአንድ የአውሮፕላን አደጋ ከዚህ የበዛ ሰው አልሞተም። የአንደኛው፣ የሆላንዱ ኬኤልኤም አየር መንገድ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ «አሁን መነሻ ላይ ነን» የሚል ትርጉም ያለው ነገር በሬዲዮ ተናገረ። ተቆጣጣሪው ይህን «ለመነሳት ተዘጋጅተን ቆመናል» ብሎ ተረዳው። አውሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር። ተቆጣጣሪው «እሺ» ብሎ፣ ቀጥሎ «ጠብቁ» አለ። በዚያው ቅጽበት ሌላው፣ የአሜሪካው ፓን አም አየር መንገድ አውሮፕላን «ገና መንደርደሪያው ላይ ነን» አለ። ሁለቱ ድምፆች በአንድ ሞገድ ላይ ተጋጩ። ኬኤልኤም ውስጥ በግልጽ የተሰማው «እሺ» የሚለው ነው፤ የቀረውን ፉጨት ዋጠው። የኬኤልኤም የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠየቀ። ካፒቴኑ የአየር መንገዱ አንጋፋ አሠልጣኝ ነበር። በእርግጠኝነት «ወጥቷል» አለ። ጥያቄው ያኔ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሬዲዮ ቋንቋው ጠበቀ። ለመነሳት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ፈቃዱ ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር «መነሳት» የሚለውን ቃል መጠቀም ተከለከለ። «እሺ» ለወሳኝ ትእዛዝ መልስ መሆን አይችልም፤ አብራሪው የተሰጠውን ትእዛዝ በራሱ አፍ ደግሞ ያነባል፣ ተቆጣጣሪው ሰምቶ ያርማል። ይህ «ሪድ ባክ» ይባላል፤ የሰሙትን መልሶ መናገር ማለት ነው።

ተራው የቢሮ ስብሰባ በአብዛኛው የሚያልቀው በዚያው በ«እሺ» ነው። «ተግባብተናል?» ተብሎ ይጠየቃል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ጥያቄው ምንም አያጣራም፤ ያልገባው ሰው አልገባኝም ለማለት የሚያፍርበት ጥያቄ ነውና። «እስቲ እንዴት እንደምትጀምሪው ንገሪኝ» ማለት ይሻላል። ያኔ ክፍተቱ ራሱ ይታያል። ቃለ ጉባኤውም ስብሰባው ሳይበተን ቢነበብ፣ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ ሲሰማ፣ «እኔ እንዲያ አላልኩም» የሚለው ክርክር ከወር በኋላ መሆኑ ቀርቶ እዚያው ይነሳል።

በሕክምና ውስጥ ይህ በቁጥር ተፈትኗል። ተረኛ ሐኪሞች ፈረቃ ሲቀያየሩ ስለ በሽተኛው የሚደረገው ርክክብ በቋሚ ቅደም ተከተል እንዲሆን ተደረገ። የበሽታው ክብደት፣ አጭር ታሪክ፣ የሚሠራው፣ ሊያጋጥም የሚችለው፣ በመጨረሻም ተረካቢው የሰማውን መልሶ ይናገራል። በ2014 በዘጠኝ የሕፃናት ሕክምና ማዕከላት የተደረገው ጥናት ውጤት ሲወጣ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ፣ መከላከል ይቻል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ ቀንሷል። የሐኪሞቹ የንግግር ስጦታ አልተለወጠም። ርክክቡ መልክ ያዘ።

ብዙ መልእክት፣ ትንሽ ንግግር

ቦታና ቴክኖሎጂ የሚፈጥሩትን እንቅፋት አጠር አድርገን እንለፈው። ግድግዳ ማፍረስ ሰውን ያቀራርባል የሚለው እምነት ብዙ ቢሮዎችን ወደ ክፍት አዳራሽ ለውጧል። በ2018 በርንስታይንና ተርባን በሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤቶች ያደረጉት ጥናት ክፍት ቢሮ ከመጣ በኋላ የፊት ለፊት ንግግር 70 በመቶ ያህል እንደቀነሰ፣ ኢሜይል እንደጨመረ አሳይቷል። ሰው ሁሉም እያየው ሲሆን ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደርጋል።

ከቤት መሥራትም የራሱ ጣጣ አለው። በ2020 የመጀመሪያ ስድስት ወራት የ61,182 የማይክሮሶፍት ሠራተኞችን ግንኙነት የመረመረ ጥናት ሰዎች ከራሳቸው ቡድን ጋር ይበልጥ እንደተጣበቁ፣ ከሌላ ክፍል ጋር የነበራቸው ድልድይ ግን እንደሳሳ አግኝቷል። ይህ ማለት ከቤት መሥራት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ኮሪደር ላይ በአጋጣሚ ይገኝ የነበረው ወሬ አሁን በዕቅድ ካልተተካ እንደሚጠፋ ግን ያሳያል። ሁሉን ሰው ሲሲ ማድረግ፣ ማለትም የኢሜይሉን ቅጂ ለሁሉም መላክ ደግሞ መተኪያ አይሆንም። ለሃያ ሰው የተላከ መልእክት ላይ እያንዳንዱ ሌላው የሚመልስ ይመስለዋል።

ቅጹ ተሞላ፣ ከዚያስ?

እዚህ ድረስ ያነበበ ኃላፊ «እንግዲያው ማመሳከሪያ ቅጽ እናውጣ» ሊል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀዶ ሕክምና ላይ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ቅጹ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ የቡድኑ አባላት ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ስማቸውንና ሥራቸውን እንዲናገሩ ነው። አንዴ ድምፁን ያሰማ ሰው ኋላም ለመናገር ይቀለዋል የሚል ግምት አለበት። በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 ውጤቱ ታተመ። የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል።

በ2014 ደግሞ ከካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት ሌላ ውጤት መጣ። 101 ሆስፒታሎች ተመሳሳይ ዓይነት ቅጽ መጠቀም ከጀመሩ በኋላ በሞትም ሆነ በጉዳት ላይ የጎላ ለውጥ አልታየም። ቅጹ ግን በሰፊው እየተሞላ እንደነበር ሪፖርት ተደርጓል።

አንዳንዶች ይህን ይዘው የመጀመሪያው ውጤት ተጋኗል ይላሉ። ያ ጥናት የፊቱንና የኋላውን ያነጻጸረ እንጂ ቅጹን ካልተጠቀሙ ሆስፒታሎች ጋር የተመዘነ ስላልነበር ክርክሩ መሠረት አለው። ሌሎች ደግሞ ኦንታሪዮ ውስጥ ቅጹ በትእዛዝ ወርዶ፣ ቡድኖቹ በቂ ሥልጠና ሳያገኙ የተሞላ ወረቀት ብቻ ሆኖ ቀርቷል ይላሉ። ሁለቱ አይጣረሱም። እኔ ግን ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ያጋደለ ይመስለኛል። ቅጹ እንዲናገር የሚጋብዘው ነርስ ባለፈው ሳምንት ተናግሮ ከተዋረደ፣ ዛሬ ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ምልክቱ ደግሞ ከውጭ ሲታይ እውነተኛ ንግግር ከተደረገበት ምልክት አይለይም።

ስለዚህ የራሱን መሥሪያ ቤት ሁኔታ ማወቅ የሚፈልግ ኃላፊ ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ቅጽ ተሞላ ብሎ ቢቆጥር ብዙም አይማርም። በቅርቡ ከተበላሹ ሥራዎች ሦስት አራቱን መርጦ ወደ ኋላ መሄድ ይችላል። ችግሩን መጀመሪያ ያየው ማን ነበር? ለማን ነገረ? ውሳኔ መስጠት ለሚችል ሰው ጆሮ እስኪደርስ ስንት ቀን ፈጀ? የነገረው ሰውስ ምን ተባለ? ለሦስቱ ጥያቄዎች መልሱ በአብዛኛው በነባር ኢሜይሎችና ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ ተቀምጧል። አራተኛውን ግን ወረቀት ላይ አያገኘውም፤ ሰውየውን ጠርቶ፣ ሳያቋርጥ ማዳመጥ ይኖርበታል።